ቱርክ ታማኝ ናት፣ ኬንያ ተንኮለኛ

ባለፈው ቅዳሜ ብርድ ልብስ ልገዛ ወጣሁ። ኅዳር ነው። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ሰውም ያገኘውን ለብሶ ያድራል። ብርድ ልብስ እዚህ አገር የጌጥ ዕቃ አይደለም።

ሻጩ ወጣት ነው። ትሕትናው ደስ ይላል።

«ይሄኛውን ይውሰዱ ጋሼ።»

«ምኑ ነው የሚሻለው?»

«የቱርክ ነው።»

«ሱፍ ነው ወይስ ያው ናይለኑ ነው?»

«የቱርክ ነው ስልዎት!»

አልገባኝም። እሱም እንዳልገባኝ ገባው። «ቱርኮች በቤት ነገር ቀልድ አያውቁም» አለኝ። «ድራማቸውን አያዩም እንዴ? ባሏ ሲታሰር እንኳ ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም!»

ስለ ሴትዮዋ ታማኝነት አንድም ጥርጣሬ የለኝም። ግን የሷ ታማኝነት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኔን እግር እንዴት እንደሚያሞቅ ልጁ ሊያስረዳኝ አልቻለም። ከጎኑ ስለተደረደረው ጠየቅኩት። «እሱ የቻይና ነው፤ ይቅርብዎ» አለ። ከሥር የተቀበረውስ? ድምፁን ቀነስ አደረገ። «እሱ እንኳ... የኛው ነው።»

ይሄ እንግዲህ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለባት ከተማ ውስጥ ነው። ሰው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ገዝቶ ይመለሳል። የደብረ ብርሃን ሱቅ ግን የደብረ ብርሃንን ብርድ ልብስ ከሥር ይቀብረዋል። ምክንያቱም ደብረ ብርሃን ድራማ አልሠራችም።

«ልጁ ላይ አልፈርድም» ማለት የጨዋ ደንብ ነው። እኔ ግን ፈርጄበታለሁ። ፈርጄ ሳበቃ ነው ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ የዋልኩት። ለመሆኑ ቱርክ መቼ ነው ታማኝ የሆነችው? ለአያቶቻችን ቱርክ ማለት ለኢማም አሕመድ ጦር ጠመንጃና ባለ ጠመንጃ የላከ አገር ነበር። በዚህ በሸዋ ምድር ያን ዘመን የሚያነሣ ሽማግሌ ዛሬም ድምፁ ይለወጣል። በ2016 ቃና ቴሌቪዥን የቱርኮቹን ድራማ በአማርኛ አስወርቶ ሳሎናችን ድረስ አስገባልን። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ኳስና ኦሎምፒክ በሐበሻ አቆጣጠር ሲቆጠሩ ሰው ይጣላል።) ከዚያ በኋላ የአምስት መቶ ዓመት ቂም በጥቂት ወራት ተፋቀ። አሁን ቱርክ ማለት ትልቅ ሶፋ፣ ባሕር የሚያይ መስኮትና ይቅር የምትል ሴት ናት። እዚያ አገር ሶፋ የሌለው ሰው ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

ቻይና ደግሞ የባሰባት ናት። እኛ ልጆች ሆነን ቪዲዮ ቤት ገብተን በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቀን ስናይ ቻይናዊ ማለት በጣሪያ ላይ የሚሮጥ፣ ብቻውን ሃያ ሰው የሚዘርር ፍጡር ነበር። ኋላ መንገድ ሊሠሩ መጡ። ምስኪን ቀያሽ መሣሪያውን ተክሎ ሲያነጣጥር የሰፈር ልጅ ተሰብስቦ «ካራቴ! ካራቴ!» ይለዋል። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን እግሩን ከወገቡ በላይ አንሥቶ የሚያውቅ አይመስልም። አንዳንዱ ግን ሕዝቡን ላለማስከፋት ትንሽ እጁን ያወናጭፍ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ክብር የት ገባ? «የቻይና ነው፤ ይቅርብዎ።» ያው አገር፣ ያው ሕዝብ። የተለወጠው እኛ የምናየውና የምንገዛው ነገር ብቻ ነው። አሜሪካና ቻይና እንኳ የታረቁት በፒንግ ፖንግ ነው። በ1971 የአሜሪካ ጠረጴዛ ቴኒስ ቡድን ቤጂንግ ሄዶ ተጫወተ፣ በዓመቱ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ተከትለው ሄዱ። ለኛ ለአንድ ብርድ ልብስ የሚሆን እርቅ አልተረፈንም።

ኳሱ ደግሞ ይበልጣል። አንድ መካኒክ ወዳጅ አለኝ፤ ስለ አገሮች ጠባይ ያለው እውቀት ሙሉ በሙሉ ከዓለም ዋንጫ የተቀዳ ነው። ድሮ ብራዚልን ያመልክ ነበር። «ሰው እንደነሱ እየጨፈረ ነው መኖር ያለበት» ይላል፤ ሥራ የሚያረፍደውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። በ2014 ጀርመን ቤሎ ሆሪዞንቴ ላይ ብራዚልን 7 ለ 1 ስትቀጣ በማግሥቱ ጋራዡን በሰዓቱ ከፈተ። «ጭፈራ ዳቦ አይሆንም፤ ጀርመንን እይ፣ ሥርዓት!» አለኝ። አራት ዓመት ቆይቶ ደቡብ ኮሪያ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከምድቧ አባረረቻት። ወዳጄ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ሰነበተና «የኮሪያ ሰው እኮ ድሮም ብርቱ ነው» ብሎ መጣ። ድሮ ያለው መቼ ይሆን? በ1951 የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት እዚህ አገር ኮሪያ የምትታወቀው የምታሳዝን አገር ሆና ነበር። አሁን የዘማቾቹ የልጅ ልጆች የኮሪያ ቅባት ለመግዛት ዕቁብ ይጥላሉ።

ጃፓንን የማነሣት በንዴት ነው፤ አስቀድሜ ልናገር። ኅዳር 2022፣ ኳታር። ጃፓን ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች። እኔም ኳስ ቤት ተቀምጬ አያለሁ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የጃፓን ደጋፊዎች ሰማያዊ ፌስታል ይዘው ስታዲየሙን ሲያጸዱ ታየ። ቤቱ በአድናቆት ተናወጠ። «ሰው ማለት እነዚህ ናቸው!» «ሥልጣኔ ይሄ ነው!» «እኛ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው?» ይሄን የሚሉት ሰዎች እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የለውዝ ቅርፊት ውስጥ ነው። አንዱ ስለ ጃፓን ንጽሕና እየመሰከረ የያዘውን ቅርፊት መሬት ላይ አራገፈ። ሁሉም እያደነቀ ወጣ። የቤቱን ጽዳት የምትሠራው ልጅ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ስታይ ቆየችና «ጃፓኖቹ ወደኛ የሚመጡት መቼ ነው?» አለች። መልስ የሰጣት የለም። እኔም ወጥቼ ነበር።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ጋሼ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አባታቸው በመንዝ በኩል ከራስ አበበ አረጋይ ሰዎች ጋር ሆነው ጣሊያንን የወጉ አርበኛ ናቸው። ጋሼ ታዲያ ጦርነቱን አላቆሙትም። ወደ ቴሌቪዥን ነው ያዞሩት። ጣሊያን ከማንም ጋር ትጫወት፣ ጋሼ የማንም ደጋፊ ናቸው። በ2006 የበርሊኑን ፍጻሜ ጣሊያን ፈረንሳይን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ዋንጫ ስትወስድ ጋሼ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ይባላል። በ2022 ሰሜን መቄዶንያ ፓሌርሞ ድረስ ሄዳ ጣሊያንን 1 ለ 0 ከዓለም ዋንጫ ስታስቀር ደግሞ «መቄዶንያ? እነዚያ አረጋውያን የሚጦሩት? ተባረኩ! ተባረኩ!» እያሉ ቤቱን በሙሉ ቡና ጋበዙ።

የጋሼ ቂም አንድ ችግር አለበት። ማኪያቶ ይወዳሉ። ፓስታም ይወዳሉ። ይሄን ብጠይቃቸው «ፓስታ ስንዴ ነው፤ ስንዴ የኛ ነው» አሉኝ። ቡናውም የኛ ነው፤ ወተቱም የሸኖ ነው። እሺ ይሁን። ደብረ ሲና ዘመድ ለመጠየቅ ሲወርዱስ? መንገዱ በጣርማበር ዋሻ ነው የሚያልፈው፤ ዋሻውን በወረራው ጊዜ ያስቆፈረው ጣሊያን ነው። ጋሼ አውቶቡሱ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ሲወጣ ይገልጣሉ። በዚያ መካከል ያለውን መንገድ አላለፉበትም ማለት ነው።

እሳቸው ጋር ተቀምጦ የሮምን ነገር ማንሣት ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 በኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጅ መስከረም 10 ቀን 1960። የዘመን መለወጫ ዋዜማ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮምን ጎዳና ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። መንገዱ ሙሶሊኒ ዘርፎ ከወሰደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። የክቡር ዘበኛ ወታደር፣ የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ ጃቶ የምትባል መንደር የተወለደ። ጋሼ ይሄን ሲያወሩ ከወንበራቸው ይነሣሉ። «እኛን ሊወጋ የመጣ አገር መሐል፣ በባዶ እግሩ!» እዚህ ላይ እኔም ልቤ ይሞላል፤ አልዋሽም። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን መሆናቸውን ጋሼ አያነሡም። እኔም ደስታቸውን ላለማደፍረስ አላነሣም።

የፈረንጁ ጋዜጣ ግን ከዚያ ሩጫ ያየው እግሩን ነው። ባዶ እግር፣ ድሃ አገር፣ ተአምር። አበበ ያን ቀን ጫማ ያላደረገው የተሰጠው ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ በባዶ እግር መሮጥም የለመደው ነገር ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ገና ሳምንታት ሳይርቅ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። በጫማው ከ3 ደቂቃ በላይ ፈጥኗል ማለት ነው። ከገባም በኋላ ሜዳው ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ሜዳሊያው ሲሰጥ የጃፓኑ ባንድ የኛን መዝሙር ስለማያውቀው የራሱን ነፋ። ጫማ ያደረገውን አበበ ማን ያስታውሰዋል? ዓለም አንድ ጊዜ በባዶ እግርህ ካየህ ጫማ ገዝተህ እንኳ አያምንህም።

ጋሼን አንድ ቀን ብቻ ነው ያሸነፍኳቸው። ስለ 1962ቱ የአፍሪካ ዋንጫ እያወሩ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ንጉሡ ዋንጫውን ያስረከቡበት፤ እስከ ዛሬ ያለን ዋንጫ እሱ ብቻ ነው።

«የዚያን ጊዜው አምበል ማን ነበር ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሉቺያኖ ነዋ! ሉቺያኖ ቫሳሎ!»

«አባቱ ጣሊያናዊ ነበር አይደል?»

ጋሼ ማኪያቷቸውን አስቀመጡ። «እናቱ ሐበሻ ናት።»

«በጭማሪው ሰዓት ያገባው ወንድሙስ? ስሙ ማን ነበር?»

ረጅም ዝምታ። «ኢታሎ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቶሎ ብለው «ስም የሚያወጣው አባት ነው፤ ልጁ ምን ያድርግ?» አሉ። ከዚህ የተሻለ ፍርድ ከዳኛም አልሰማሁም።

ጋሼን ለምን ወደድኳቸው? ቂማቸው ቢያንስ ምክንያት አለው። ምክንያት የሌለውን ቂም ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ትኖራለች። አዳር ስሄድ እሷ ቤት ነው የማርፈው። ፍራሹን ሳሎን ታነጥፍልኛለች፣ ራቷ ሙሉ ነው፣ እግዜር ይስጣት። መኝታ ሲደርስ ግን ባሏ «ብርድ ልብስ ጨምሪለት እንጂ» ይላታል። እሷም ሁልጊዜ ያቺኑ መልስ ትመልሳለች፦ «ተወው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ብርድ አይሰማውም!» ከዚያ አንዲት ነጠላ ላዬ ላይ ጣል አድርጋ ታልፋለች። ሳሎኑ የሰሜን ግድግዳ ነው። ሲሚንቶው ያንቀጠቅጣል። ስንት ዓመት ሙሉ ተንቀጥቅጬ አድሬ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብያለሁ። ደብረ ብርሃን የተወለደ ሰው እኮ ብርድ የሚሰማው ከሁሉ የበለጠ ነው! ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ብርድ ስለማይሰማን ነው እንዴ? ይሄን ብነግራት ትስቃለች። «ቀልደኛ ነህ» ትላለች። ልብ በሉ፤ ይቺ ሴት የሥጋ ዘመዴ ናት። አንዲት ከተማን ከነሰዎቿ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ተኝታለች።

ፈረንጅ ታዲያ ምን አደረገ ብዬ ልቆጣ? እቆጣለሁ እንጂ። ከውጭ የመጣ እንግዳ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያየው እግሬን ነው። «ትሮጣለህ?» እኔ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል እንኳ የምራመድ ሰው ነኝ። አልሮጥም ስለው ፊቱ ላይ የሚነበበው ሁለተኛው ጥያቄ የባሰ ነው፤ ከሩጫው ቀጥሎ የሚያውቀው ረሃቡን ነው። በ1984 መጨረሻ ያ ክፉ ድርቅ ሲመታን የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው አንድ ዘፈን አወጡ። ገንዘቡ ሰው አድኗል፤ ውለታውን አልክድም። ግን ግጥሙ ምን ብሎ ጠየቀ? እነዚህ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ አለ። እኛን! ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስቲያን የሆነችውን አገር! ላሊበላን! ገናን ማወቅ ብቻ አይደለም፣ የራሱ ስፖርት ያበጀንለት ሰዎች ነን። የመንዝ እረኛ ከገና በፊት ሳምንታት ቀድሞ ቆልማማ ዱላ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ሲዞር የሎንዶን ልጅ ገና ለስጦታ ወረቀት ይቆርጣል።

ገናን ካነሣሁ አይቀር አንዲት የምወዳትን ተረት ላንሣ፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ላይ ቤትና ታች ቤት ሆነው ይሰለፋሉ። ጥንጓ ትለጋለች። ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው ምሕረት አለው። ያሸነፈው ቤት የተሸነፈውን በግጥም ያብጠለጥለዋል፤ ድህነቱን፣ ስስቱን፣ የሚስቱን ወጥ ሳይቀር። «ታች ቤቶች እንዲህ ናቸው» ይባላል። ማታ ግን ላይ ቤት ታች ቤት ሄዶ ጠላ ይጠጣል። በማግሥቱ «ታች ቤት ድሮም ፈሪ ነው» ብሎ ከታች ቤት ልጅ ጋብቻ የሚከለክል ሰው የለም። አባቶቻችን ስድቡን አንድ ቀን ሰጥተው፣ ዳር ድንበር አበጅተው፣ በግጥም አስረው ነው ያስቀመጡት። እኛ ደግሞ ገናውን ዓመቱን ሙሉ አደረግነው። ግጥሙን ጣልነው፣ ስድቡን ያዝን። ጠላውንም ጣልነው።

የኬንያ ነገር ያናደደኝ ከዚህ የተነሣ ነው። ሲድኒ፣ 2000፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ፖል ቴርጋት። ያን ቀን ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመ። በዚያው ኦሎምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ መካከል የነበረው ልዩነት እንኳ ከዚያ ይሰፋል። እንዲህ ያለ ውድድር ያሳየን ሰው ሊመሰገን ሲገባው፣ እኛ ከዚያ ቀን የወሰድነው ትምህርት ኬንያዊ አይታመንም የሚል ሆነ። ሬዲዮኑ «ኬንያዎቹ አጠሩት! ኬንያዎቹ አጠሩት!» ይላል። ልጅ ሆነህ ይሄን እየሰማህ ካደግክ ናይሮቢ ማለት ሰው የሚታጠርበት ከተማ ይመስልሃል።

በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ተራ በተራ እየወጡ የሁለት ኦሎምፒክ ባለ ድሉን ፊንላንዳዊ ላሴ ቪረንን ሲያደክሙት ምን ተባለ? የቡድን ሥራ። ጀግንነት። ቪረን 5ኛ ወጣ፣ ምሩጽ ወርቁን፣ መሐመድ ነሐሱን ወሰዱ። እኛ ስንተባበር አረንጓዴ ጎርፍ ነን፤ እነሱ ሲተባበሩ ሴረኞች ናቸው። ስንት የተማረ ሰው ይሄንኑ ሲል ሰምቻለሁ! የኬንያን ካርታ ቢሰጡት ሞምባሳን የማያገኝ ሰው የ50 ሚሊዮን ሕዝብ ጠባይ ይተነትናል። እነዚያ ሯጮች አብዛኞቹ የመጡት ከስምጥ ሸለቆው ከፍታ፣ ከካሌንጂን መንደሮች ነው። የኛዎቹም ቢሆኑ ሲበዛ ከአርሲ ናቸው፤ በቆጂን ብትቀንሱ ሜዳሊያው ምን ያህል እንደሚቀር አስቡት። አንድ ወረዳ ሮጦ አገር ይመረቃል፣ አንድ ወረዳ ሮጦ አገር ይረገማል።

ቴርጋትን ደግሞ ማን እንደሆነ ብናውቅ ኖሮ። ባሪንጎ በምትባል ደረቅ አካባቢ ነው ያደገው። በልጅነቱ ትምህርት ቤት የሚበላው የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚያቀርበውን ምሳ ነበር። በ2004 የዚያው ድርጅት የፀረ ረሃብ አምባሳደር ሆነ። እንግዲህ እኛ፣ ዓለም በረሃብ ብቻ አወቀን ብለን የምናለቅስ ሰዎች፣ በእርዳታ ምሳ ያደገውን ጎረቤታችንን ተንኮለኛ ብለን ይዘነዋል። ኢትዮጵያና ኬንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንዱ ቢወረር ሌላው ሊደርስለት የተፈራረሙ አገሮች ናቸው። ያን ወረቀት የሚያስታውስ የለም። የሲድኒን የመጨረሻ ዙር ግን ሕፃኑም ይተርከዋል። እኔ በበኩሌ ኬንያዊ ሲሰደብ ዝም ብዬ ማለፍ አቁሜያለሁ። በዚህ ምክንያት ኳስ ቤት ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው እየቀነሰ ነው፤ ለእግር መዘርጊያ ግን ተመችቶኛል።

ብርድ ልብሱን ለምትጠይቁኝ፦ ከሥር የተቀበረውን አስወጥቼ ገዛሁ። ልጁ አዘነልኝ። ትንሽ ይቆረቁራል፣ ያሞቃል፣ አበቃ።

የጋሼን ነገር ግን ሳልጨርስ ተውኩት። የ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ነው። ጣሊያን በስዊዘርላንድ 2 ለ 0 ተሸንፋ በጊዜ ተሰናበተች። ጋሼ ያን ቀን ደስ ብሏቸው አመሹ፤ ከዚያ በኋላ ግን ጭር አለባቸው። የሚቃወሙት አጡ። ጨዋታ ያያሉ፣ ያዛጋሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ፍጻሜው ደረሰ፤ ስፔን ከእንግሊዝ። ጋሼ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ፣ ማኪያቷቸውን አዘዙ፣ ወደኔ ዘንበል አሉ።

«ስፔን ምን አድርጋናለች?»

«ምንም የማውቀው የለም ጋሼ።»

«እንግዲያው ለሷ ክፉ አልመኝም። እንግሊዝስ?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ቤቱ ሙሉ የእንግሊዝ ክለብ ማሊያ ነው። አንዱ ሊቨርፑል፣ አንዱ ቼልሲ፣ አንዱ ማንቸስተር።

«መቅደላ» አልኳቸው።

ጋሼ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። ከዚያ የአርሰናል ማሊያ ለብሶ ማኪያቶ ይዞ ወደሚመጣው አስተናጋጅ ከዘራቸውን አነሡ።

«አንተ ልጅ! እስቲ ወዲህ ና። የማን ልጅ ነህ?»